ጊኒ ፒጋችን ስትተነፍስ ድምፅ ታወጣለች፤ ደሴ ያላችሁ እርዱኝ

የሙጋዷ
ጤና ይስጥልኝ። ወንድሜ ከአዲስ አበባ ሲመጣ ለልጆቼ ሁለት ጊኒ ፒግ ይዞላቸው መጣ። አንዷ ነጭ፣ አንዷ ቡኒ፣ ሁለቱም ሴት። እስካሁን ሸጋ ነበሩ። ሰሞኑን ግን ቡኒዋ ስትተነፍስ ድምፅ ታወጣለች። ጆሮዬን ወደ ጀርባዋ ሳስጠጋ ክርር፣ ክርር ይላል። አልፎ አልፎ ታስነጥሳለች። ዛሬ ጠዋት ጎመኑን አሸተተችና ተወችው። ሌላ ጊዜ የፌስታል ኮሽታ ስትሰማ ቤቱን በጩኸት የምታናውጥ ናት።

የምናስቀምጣቸው ኩሽና ነው። የነሐሴን ነገር የደሴ ሰው ያውቀዋል፤ ጉሙ በር ላይ ነው የሚያድረው። ኩሽናው ከሰል ስለሚነድበት ይሞቃል። ከሥራቸው የምናነጥፈው ከእንጨት ቤት የምናመጣውን ሰጋቱራ ነው።

ፋርማሲ ሄጄ ስናገር የሕፃናት አሞክሳሲሊን ሽሮፕ ሰጡኝ። «ትንሽ ጠብ አድርጊላት» አሉኝ። ልስጣት ወይስ ይቅር? ትንሿ ልጄ ስታለቅስ ነው የዋለችው።

አራዳ_ነኝ
ይቅርታ አድርጊልኝና ይቺ ጅራት የሌላት አይጥ ማለት አይደለችም? አይጥ እንኳን ሽሮፕ ጀመረች በሉኛ!

የሙጋዷ
ለሳቅ አልተመቸኝም ወንድሜ።

ቦርከና_ቬት
እህቴ፣ አሞክሳሲሊኑን እንዳትሰጫት። ጠብታም ቢሆን።

የእንስሳት ሐኪም ነኝ፣ የምሠራው ኮምቦልቻ ነው። የቀን ሥራዬ በሬና በግ ነው፤ ጊኒ ፒግን በደንብ ያወቅኋት ላቦራቶሪ ውስጥ ነው። ምክንያቱን ልንገርሽ። የበላችውን ሳር የሚያብላሉላት አንጀቷ ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ናቸው። አሞክሳሲሊን፣ አምፒሲሊንና ፔኒሲሊን እነዚህን ጠቃሚ ባክቴሪያዎች ይፈጇቸዋል። ቦታው ባዶ ሲቀር ክሎስትሪዲየም የሚባለው ባክቴሪያ ይራባና መርዝ ያመነጫል። ተቅማጥ ይይዛታል፣ በቀናት ውስጥ ትሞታለች። ባለቤቱ «የሳንባ ምች ገደላት» ይላል፤ የገደላት መድኃኒቱ ነው። ክሊንዳማይሲን፣ ሊንኮማይሲንና ኤሪትሮማይሲንም ያው ናቸው።

ፋርማሲስቱ ላይ አትፍረጂ። የተማረው ስለ ሰው ነው። ለሰው ልጅ ደግሞ አሞክሳሲሊን ደህና መድኃኒት ነው።

አሁን ደግሞ እኔ ልጠይቅሽ። አፍንጫዋ እርጥብ ነው? የፊት እግሮቿን ውስጣቸውን እዪ፤ ፀጉሩ ተጣብቆ ደርቋል? በእግሯ ነው አፍንጫዋን የምትጠርገው። ዓይኗ ላይ የደረቀ ነገር አለ? ሲበርዳት እንደምታደርገው ፀጉሯን ነፍታ ጥግ ይዛ ትቀመጣለች? ስትተነፍስ ጎኗ ገባ ወጣ ይላል? አሁን ሳትነኪያት ጎኗን እያየሽ ለ15 ሰከንድ ትንፋሿን ቁጠሪና በ4 አባዢው። ዐርፋ የተቀመጠች ጊኒ ፒግ በደቂቃ ከ40 እስከ 100 ነው የምትተነፍሰው።

የሙጋዷ
እግዜር ይስጥልኝ ዶክተር። ሽሮፑን ደብቄዋለሁ።

ቆጠርኩ። በ15 ሰከንድ 30 መጣ፣ 120 ማለት ነው። የፊት እግሯ ልክ እንዳሉት ነው፤ ውስጡ ተጣብቋል፣ ቢጫ ቢጫ ይላል። እኔ ጎመን የነካት መስሎኝ ነበር። ዓይኗ ላይ ግን ያየሁት ነጭ ወተት የመሰለ ነገር ነው፣ ወዲያው ጠፋ።

ቦርከና_ቬት
ወተት የመሰለው አያስጨንቅሽ። ፊታቸውን የሚያጥቡበት ነው፤ ጤነኛዋም ታወጣዋለች። የሚያሳስበኝ የእግሯ መጣበቅና ጎመኑን መተዋ ነው። ሁለቱ ከትንፋሹ ፍጥነት ጋር ሲደመሩ የመተንፈሻ ኢንፌክሽን ሊሆን ይችላል። እስከ ነገ አታሳድሪያት፤ ዛሬውኑ ሐኪም ያዳምጣት።

አንድ ነገር ልብ በይ። ጊኒ ፒግ በአፍንጫዋ ብቻ ነው የምትተነፍሰው። እኛ አፍንጫችን ሲደፈን አፋችንን ከፍተን እንገላገላለን። እሷ አፏን ከፍታ አየር ስትስብ ካየሻት፣ ወይም ከንፈሯና ድዷ ወደ ሰማያዊ ካደላ፣ ጊዜ የለሽም ማለት ነው።

ወሎ ዩኒቨርሲቲ እዚያው ደሴ የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት አለው። የምታውቂው መምህር ወይም ተማሪ ካለ በሱ በኩል ጠይቂ። ከሌለም ቅርብሽ ያለ ክሊኒክ ሂጂ። የትም ብትሄጂ ግን አፍሽን ሞልተሽ «ፔኒሲሊን ያለበት ነገር እንዳይሰጣት» በይ።

እማማ_ሰላይሽ
ልጄ፣ ዘመናዊውን ትቼ የኛን ልንገርሽ። ዳማከሴ ጨምቀሽ አሽቻት። ነጭ ሽንኩርት ወቅጠሽ በማር ስጫት። ካልሆነም ለጋ ቅቤ አቅልጠሽ በአፍንጫዋ ጠብ አርጊላት። ስንት ልጅ ያሳደግነው በዚህ ነው።

ቦርከና_ቬት
እማማ፣ እድሜ ይስጥልን፤ ምክርዎን አልንቅም። ግን ለዚች እንስሳ ሦስቱም አይሆኑም። ነጭ ሽንኩርት ደሟን ይጎዳል፣ ቀዩ ሽንኩርትም እንደዚያው። ማሩ ሆዷን ያበላሸዋል። ቅቤው ከሁሉም የከፋ ነው፤ ያቺኑ የምትተነፍስባትን ቀዳዳ ይደፍናታል፣ ወደ ሳንባዋም ሊወርድ ይችላል። ዳማከሴም ሆነ ባህር ዛፍ ሽታው ኃይለኛ ነው። የታመመ አፍንጫን ይቆጣዋል እንጂ አያሽረውም።

እማማ_ሰላይሽ
እሺ፣ ተምሬያለሁ። እንኳን ጠየቃችሁ።

ሆጤ_በር
ዶክተር፣ እኔ ትንሽ ልቃወም። የኛዋ ገና ልጅ እያለች ጀምሮ ታፏጫለች። ውሃ ስትጠጣና ስትደሰት ፉት ፉት ትላለች። ሁለት ዓመቷ ነው፣ ትበላለች፣ ትዘላለች። ድምፅ የሰማ ሁሉ ወደ ክሊኒክ ቢሮጥ ከበሽታው ድንጋጤው ይገድላታል።

ቦርከና_ቬት
ያንቺዋ እውነት ነው፣ እንደሱ ያሉ አሉ። የአፍንጫቸው መተላለፊያ ጠበብ ያለ ይሆናል፣ ወይም ሲቸኩሉ ትንሽ ውሃ ይገባባቸዋል። ድምፁ መጥቶ ይሄዳል፣ አፍንጫዋ ደረቅ ነው፣ ትበላለች፣ ኪሎዋ አይቀንስም። እሷን ተያት። የድርቆሽ ፍሬ ወይም ገለባ አፍንጫ ውስጥ ተሰክቶም እንዲህ የሚያደርግ አለ፤ ያኔ ፈሳሹ ብዙ ጊዜ ከአንዱ ቀዳዳ ብቻ ነው የሚወጣው።

የሙጋዷን ቡኒ ግን ካንቺዋ ጋር አታወዳድሪያት። ድምፁ አዲስ ነው፣ ምግብ ዘግታለች፣ እግሯ ተጣብቋል። ድምፁን ብቻ ሰምቶ የሚፈርድ ሐኪም የለም፤ አብሮት የመጣውን ነው የሚያየው።

ደግሞ ሌላ አለ። ዕድሜዋ የገፋ ጊኒ ፒግ አፍንጫዋ ሳይረጥብ እያፏጨች ከደከመች፣ ፀረ-ባክቴሪያም ካልረዳት፣ ልብ ሊሆን ይችላል። ልብ ሲደክም ውሃ ሳንባ ውስጥ ይጠራቀማል። ያ የሚታከመው በሌላ መድኃኒት ነው።

የሃርቡ_መንገድ
ከኮምቦልቻ ነኝ። የደሴ ሰው ብርድ ብርድ ይላል፣ እኛ ጋ ችግሩ ሙቀት ነው። ግንቦትና ሰኔ ላይ ቆርቆሮ ቤት ውስጥ የተቀመጡ ሁለት ነበሩኝ። ከሰዓት ላይ ተዘርግተው ቶሎ ቶሎ ይተነፍሱ ነበር፣ አፋቸው አካባቢ ምራቅ። እኔም ጉንፋን ነው ብዬ ልሸፍናቸው ስል ባለቤቴ ነች ያስቆመችኝ። ዶክተር፣ ይሄም ከዚሁ ይመደባል?

ቦርከና_ቬት
አይመደብም፣ ግን በጣም ይምታታል። ኮምቦልቻ ከደሴ 600 ሜትር ገደማ ዝቅ ትላለች፣ ልዩነቱ በቆዳ ይታወቃል። ጊኒ ፒግ የምትስማማው ከ18 እስከ 24 ዲግሪ ነው። ከ27 ካለፈ አደጋ ነው፣ ምክንያቱም አታልብም። ሙቀት የመታትን ጥላ ወዳለበት ወስዶ ጆሮዋንና እግሯን ለብ ባለ ውሃ ማራስ ነው። በረዶ የሆነ ውሃ ውስጥ እንዳትነክሯት። ባለቤትህ ብልህ ናት።

አቦል_ጀባ
ወላሂ አንድ ጥያቄ አለኝ። ጽሑፉን ሳነብ ኩሽና፣ ከሰል የሚል አየሁ። እናንተ ቤት ቡና በቀን ስንቴ ይፈላል? ዕጣኑስ? እኛ ቤት ዕጣኑ ሲጨስ እኔ ራሴ አልታይም።

የሙጋዷ
ሦስቴ። ወሎ ነን እኮ! ዕጣን የሌለው ቡና እናቴ ቡና አትለውም። ሳጥናቸው ረከቦቱ አጠገብ ነው ያለው፣ እንዲሞቃቸው ብለን።

ቦርከና_ቬት
አቦል ጀባ፣ ያነሣኸው ትልቅ ነገር ነው።

ጭሱ መሬት ለመሬት ሲሄድ የሚያገኘው እነሱን ነው። ረከቦት ዙሪያ የተቀመጠ ሰው እንኳን ዓይኑን ያሻሻል። ዕጣን፣ የከሰል ጭስ፣ የሚቆላው ቡና ጭስ፣ ፍሊት የሚነፋም ካለ እሱም ተጨምሮ፣ የአፍንጫቸውን ሽፋን ይልጠዋል። የተላጠ ሽፋን ላይ ባክቴሪያ በቀላሉ ይገባል። ከሰሉ ደግሞ ዝግ ቤት ውስጥ ለናንተም አደገኛ ነው።

ቡናውን ተዉ አልልም፣ ማን ይሰማኛል! ሳጥኑን ግን ከኩሽና አውጡት። በር አጠገብ ነፋስ የሚያገኘው ቦታ አይሁን፣ መሬት ላይም አይሁን። ጠረጴዛ ላይ አድርጉት፣ በሦስት ጎኑ ጨርቅ አልብሱት። ለብርዱ ሙቅ ውሃ በፕላስቲክ ጠርሙስ ሞልታችሁ በካልሲ ጠቅልሉና ጥግ ላይ አኑሩላቸው። ሲሞቃቸው ይርቁታል፣ ሲበርዳቸው ይጠጉታል።

ሰጋቱራውንም ዛሬውኑ ድፉት። የእንጨት ቤት ሰጋቱራ ዱቄት ነው። ምን እንጨት እንደሆነም አይታወቅም፤ የጥድና የዝግባ ዓይነት ከሆነ ሽታው ራሱ ሳንባ ይቆጣል። ያረጀ ብርድ ልብስ ወይም ፎጣ ከሥሩ ጋዜጣ ተደርጎ ይበቃል። ሽንት የጠጣውን በየቀኑ ለውጡ። ወደ ሳጥኑ ጎንበስ ስትሉ አፍንጫችሁን የሚቆነጥጥ ሽታ ካለ እነሱ ሌሊቱን ሙሉ ሲተነፍሱት አድረዋል።

ሆጤ_በር
በምን ነው የሚታጠበው? እኔ በበረኪና ነው የምፈገፍገው።

ቦርከና_ቬት
ሽንት ያለበት ላይ በረኪና አታፍስሺ። ከሽንቱ አሞኒያ ጋር ሲገናኝ የሚያፍን ጋዝ ይወጣል፣ አንቺንም ያስልሻል። መጀመሪያ በውሃና ሳሙና አጥቢው። የደረቀ ነጭ የሽንት ዝቃጭ ካለ አቼቶ በውሃ አቅጥነሽ አፍስሺበት፣ ይለቃል። አቼቶና በረኪና ደግሞ በፍጹም አይገናኙ።

ካራጉቱ_ጥንቸል
እኔ ጥንቸል አረባለሁ። አንድ ዘመዴ ጊኒ ፒጎቹን ከጥንቸሎቼ ጋር አንድ ሳጥን ውስጥ ላስቀምጥ ይላል። ጥንቸሎቼ ጤነኛ ናቸው። ችግር አለው?

ቦርከና_ቬት
አለው። ቦርዴቴላ የሚባል ባክቴሪያ አለ፣ ከጊኒ ፒግ የሳንባ ምች ዋና መነሻዎች አንዱ ነው። ጥንቸል ምንም ሳይታይባት ተሸክማው ትኖራለች፣ ውሻም እንዲሁ። ያንተ ጥንቸል ጤነኛ መሆኗ ለጊኒ ፒጓ ዋስትና አይሆንም። ለየብቻ ይቀመጡ፣ አንተም ከጥንቸሎቹ ስትመለስ እጅህን ታጠብ። ጥንቸል በእርግጫም ትጎዳታለች።

የሙጋዷ
ተመለስኩ። ረጅም ቀን ነበር።

ክሊኒክ ወሰድኳት። ሐኪሙ ትሑት ልጅ ነው ግን ጊኒ ፒግ አክሞ አያውቅም፣ ራሱ ነው የነገረኝ። መጀመሪያ ያነሣው ለከብት የሚወጋውን ፔንስትሬፕ ነበር። «ዶክተር፣ ፔኒሲሊን አለበት?» አልኩት። ቆም አለ። ስልኩን አወጣና እዚያው ቆሞ ብዙ አነበበ። ከዚያ ጠርሙሱን መልሶ መደርደሪያው ላይ አኖረው። በስቴቶስኮፑ በግራም በቀኝም አዳመጣት፤ በቀኝ በኩል ይጮኻል አለ። ትራይሜቶፕሪም-ሰልፋ አዘዘላት፣ ጠዋትና ማታ በአፍ። መጠኑን በኪሎዋ አሰላው። 680 ግራም ናት፣ ባልትና ቤት ሚዛን ላይ ነው ያስመዘንኳት። ሴትየዋ «ይሄ ደግሞ የምን በርበሬ ነው?» ብላ ሣቀችብኝ።

ቦርከና_ቬት
አበጀሽ! ሐኪሙንም አመስግኚልኝ። አላውቅም ብሎ ቆሞ የሚያነብ ሐኪም ማግኘት ዕድል ነው። ፔንስትሬፑ ውስጥ ያለው ስትሬፕቶማይሲንም ለጊኒ ፒግ መርዝ ነው፤ በሁለት በኩል ነው ያመለጠችው። የተሰጣት ከሚስማሟቸው መድኃኒቶች አንዱ ነው፣ ኤንሮፍሎክሳሲንም አለ። ሰልፋ ውሃ ይፈልጋል፣ መጠጣቷን ተከታተዪ። ቢሻላትም የተባለው ቀን ሳይሞላ እንዳታቋርጪ። ብዙ ጊዜ ከ10 እስከ 14 ቀን ይሰጣል።

መብላቷስ?

የሙጋዷ
ድርቆሽ ትነካካለች፣ አትበላም። ውሃ ትንሽ።

ቦርከና_ቬት
እንግዲህ ከመድኃኒቱ እኩል የሚያድናት ምግቡ ነው። አንድ ቀን ሙሉ ሳትበላ ከዋለች አንጀቷ ይቆማል፣ ከዚያ ሆዷ ይነፋል፣ የተነፋ ሆድ ደግሞ ሳንባዋን ይጫነዋል። በእጅ ማብላት አለብሽ።

ለነሱ የተዘጋጀ ምግብ ደሴ አታገኚም። ድርቆሹን በቡና መፍጫ አድቅቂው፤ የቡና ሽታ የሌለበት ይሁን። በወንፊት ንፊው። ጨው ያልነካው የተቀቀለ ዱባና ትንሽ ጎመን ጨምረሽ በውሃ አቅጥኚው። የአጥሚት ዱቄት አትጨምሪበት፣ ስታርቹ አንጀቷን ያቦካዋል። መርፌው የሌለበት የ1 ሚሊ ሲሪንጅ ተጠቀሚ። በጀርባዋ አታስተኚያት። ጭንሽ ላይ እንደተቀመጠች ከፊት ጥርሶቿ ኋላ በጎን በኩል አስገቢ፣ ትንሽ ጠብ አድርገሽ እስክታኝክና እስክትውጥ ጠብቂ። ካጣደፍሻት ወደ ሳንባዋ ይገባል። ከማብላትሽ በፊት አፍንጫዋን ለብ ባለ ውሃ በራሰ ጥጥ ጥረጊላት፤ አፍንጫዋ ተደፍኖ መብላት አትችልም።

ኩሷንም ቁጠሪ። ካነሰ ወይም ከኮሰሰ ምግቡ አልበቃም ማለት ነው። በየጠዋቱ መዝኛት።

የኬሚስቱ_ልጅ
ቫይታሚን ሲ ማንም አላነሣም። ጊኒ ፒግ እንደኛው ራሷ አትሠራውም። በቀን ለአንድ ኪሎ ክብደት ከ10 እስከ 30 ሚሊግራም ያስፈልጋታል፣ ስትታመም ወደ ላይኛው ነው። ካጣች ለኢንፌክሽን ትጋለጣለች፣ መገጣጠሚያዋ ያብጣል። እኔ በውሃዋ እበጠብጥላታለሁ።

ቦርከና_ቬት
መነሣቱ ጥሩ ነው። በውሃ ግን ተወው። ብርሃንና አየር ሲያገኘው ቶሎ ይበላሻል፣ ጣዕሙን ካልወደደችውም ውሃውን ትዘጋለች። ነጠላ የቫይታሚን ሲ ክኒን ተሰባብሮ ከሚበላው ጋር ቢሰጥ ይሻላል። ሁሉን ያካተተ የቫይታሚን ሽሮፕ አይሆንም፣ ኤና ዲ ይበዛባታል።

ከምግብ የሐበሻ ጎመንና የፈረንጅ ቃሪያ ጥሩ ናቸው። ዘይቱን ደግሞ ከብርቱካን አራት እጥፍ ገደማ ይበልጣል፣ ስኳር ስላለው ትንሽ ቁራጭ ይበቃል። ጥቅል ጎመን ሆድ ይነፋል፣ አሁን ይቅርባት።

አራዳ_ነኝ
እኔ ለቀልድ ገብቼ ተማሪ ሆኜ ቀረሁ። ሙጋድ፣ ቡኒዋ እንዴት አደረች?

የሙጋዷ
አልሃምዱሊላህ፣ ትንሽ ለውጥ አለ። ዱባውን ትተፋው ነበር፣ አሁን ሲሪንጁን ራሷ ትጎትታለች። ትንፋሿ ወደ 90 ወርዷል። ክርር የሚለው ግን ማታ ማታ አለ። ሳጥኑን ወደ ሳሎን አወጣነው። እናቴ ዕጣኑን በረንዳ ላይ ታጨሳለች፣ እያጉረመረመች።

ዶክተር፣ ነጯ ዛሬ አስነጠሰች። እሷንም መድኃኒት ላስጀምራት?

ቦርከና_ቬት
አንዴ ማስነጠስ በሽታ አይደለም። ድርቆሽ ስትቆፍርም ታስነጥሳለች። አፍንጫዋንና የፊት እግሯን እዪ፣ ትንፋሿን ቁጠሪ፣ መዝኛት። ደህና ከሆነች መድኃኒቱን እንዳትነኪ። ለጊዜው ግን ለያቸው፣ ምግብና ውሃቸውም ይለያይ። እንዲተያዩና አንዷ የሌላዋን ድምፅ እንድትሰማ ብቻ አቀራርቢያቸው። ብቻዋን የቀረች ጊኒ ፒግ ሆዷ ይባባል፣ መብላት ትተዋለች።

ድርቆሹን ከመስጠትሽ በፊት ውጭ አራግፊው። ሻጋታ የሸተተውን ጣዪው። የጤፍ ጭድ ብናኙ ብዙ ነው፣ ምግብነቱም ደካማ ነው። የሮድስ ሳር ካገኘሽ ሸጋ ነው። አልፋልፋ የሚባለው መኖ ለትንንሾቹ ይሆናል እንጂ ለትልልቆቹ ካልሲየሙ ይበዛል፣ ፊኛቸው ውስጥ ጠጠር ይሠራል።

የሃርቡ_መንገድ
ዶክተር፣ የመጨረሻ ጥያቄ። የጎረቤቴ ልጅ ጊኒ ፒግ እንደዚሁ ጀምሯታል። ሐኪሟ ደሴ ነው፣ በሚኒባስ ይዣት ልወጣ ነው። መንገድ ላይ ሐረጎ ዳገት ስንደርስ ብርዱ አይገድላትም?

ቦርከና_ቬት
ብርዱ ሳይሆን የመስኮቱ ነፋስና የታፈነ ካርቶን ነው የሚያሰጋው። ካርቶኑን በጎንና በጎን ብሳው፣ ከላይ ነጠላ ጣል አድርግበት። ሞተሩ ላይ ያለው ወንበር ይሞቃል፣ እዚያ አትቀመጥ። ሲጋራ የሚያጨስ ካለ ለሹፌሩ ንገረው። ድርቆሽና ቁራጭ ኪያር ውስጡ ጣል አድርግላት፣ ውሃ መንገድ ላይ ይፈሳል። በጠዋቱ ሚኒባስ ውጣ፣ ሐኪሙ ጋ ወረፋ ሳይበዛ ትደርሳለህ። ከመሄድህ በፊት ግን ደውለህ ጊኒ ፒግ መሆኗን ንገረው፣ መድኃኒቱን አስቀድሞ እንዲያስብበት።